በደሴቱ ቤተ መንግሥት የዋለ መርዶ

አሠሪዎቿ ጉለሌ የነበራቸው ፋብሪካ በደርግ ተወርሶ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው ጣይቱ አብራቸው ሮም የገባችው። ወጥ ቤቱ የእሷ ነበር። የቤተሰቡን አሮጊት የምታስታምመው ደግሞ ጽጌረዳ ናት፣ እሷም የአዲስ አበባ ልጅ። ሲነታረኩ የሰማ ጣውንት ናቸው ይላል፤ አንዷ ከታመመች ግን ለሌላዋ እህል አይወርድላትም።

በሰባ ዓ.ም. ክረምት አሠሪያቸው ሲኞራ ሎሬዳና ቤተሰቡን ይዛ ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ልትሄድ ተነሣች። ሻንጣ ሲዘጋጅ ጣይቱ ስልክ ተደወለላት። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ጓደኛቸው ኣስገደት ነበረች። የጽጌረዳ ወንድም ዓለሙ፣ ያ ተማሪው፣ አዲስ አበባ ላይ ተገድሏል።

«ብቻዋን እንዳትነግሪያት አደራ!» አለቻት።

መቼም መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር። ሮም ላይ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኛ የሚሰበሰበው እሑድ ብቻ ነው። ስትመለሱ እሑድ ይሁን ተባባሉ፤ ጣይቱም ነገሩን በሆዷ ይዛ ባቡር ተሳፈረች።

አንድ ቀን ሲኞራዋ በጀልባ ሐይቁ መካከል ወዳለው ደሴት ወሰደቻቸው። ደሴት ይባል እንጂ ጠቅላላው ቤተ መንግሥት ነው፤ የድሮ መሳፍንት ያሠሩት። ምድር ቤቱ ግድግዳው በጠጠር የተለበጠ፣ ከኋላው አትክልቱ እርከን በእርከን ሽቅብ የሚወጣ፣ በየእርከኑ ሎሚና ከድንጋይ የተቀረጹ ሰዎች። አፈሩን እንኳ በጀልባ አጋዙት አለች ሲኞራዋ። ጣይቱ የተሸከሙትን ሰዎች አሰበች።

ጽጌረዳ ካርቶሊና፣ የፖስታ ካርድ ገዛች፤ ነጭ ጣዎስ ያለበት። «ለዓለሙ ነው። ነጭ ጣዎስ? ውሸትሽን ነው ይለኛል፣ ታያለሽ።»

«ይድረሰው» አለች ጣይቱ። «ቦርሳሽን ስጪኝ፣ ደክሞሻል።»

ጽጌረዳ ቀጥ ብላ ቆመች። «አንቺ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምን ሆንኩ?»

«ከሮም ከወጣን አንድ ቀን አልሰደብሽኝም። ትናንት ሾርባሽን ሳሳርረው እንኳ አይዞሽ አልሽኝ። አንቺ? አይዞሽ?»

ጣይቱ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከላይኛው እርከን ጣዎሱ ጮኸ። እንዲያ ያለ ውብ ወፍ፣ እንዲያ ያለ ክፉ ድምፅ።

«ማነው?» አለች ጽጌረዳ ቀስ ብላ።

ምን ትበል? ደኅና ናቸው ብትል ውሸት። እውነቱን ብትናገር፣ በዚህ ሁሉ የድንጋይ ሰው መሐል ማን አብሯት ያለቅሳል?

«እሑድ ኣስገደት ቤት እንሄዳለን» አለች።

ጽጌረዳ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። «አሎራ፣ እንግዲያው እስከ እሑድ እንዳትነግሪኝ» አለች። «ካርቶሊናውን ግን ዛሬውኑ እልከዋለሁ።»

ተያይዘው ወረዱ። ቴምብሩን የለጠፈችው ጣይቱ ናት።

እሑድ ማለዳ የኣስገደት በር ሲከፈት ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ጽጌረዳ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጮኸች። ያ ጩኸት ማስመሰል እንዳልነበረ ጣይቱ ታውቃለች። እስከዚያች ደፍ ድረስ፣ ለእሷ፣ ዓለሙ በሕይወት ነበረ።