ላይሰንስ የለኝም፣ ቅዱሳን

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ብዬ ነው የወጣሁት፤ ግን እልል የሚያሰኝ ነገር አልያዝኩም። የዛሬ አምስት ሳምንት እዚሁ ቆሜ "ጌታ ላይሰንሴን ሰጠኝ" ብያችሁ ነበር። ዘለላችሁ፣ አጨበጨባችሁልኝ። ውሸት ነበር። ያለኝ ፐርሚት ነው፤ ላይሰንስ ያለው ሰው አጠገቤ ካልተቀመጠ መንዳት የማያስችል የለማጅ ወረቀት።

ስሙ ይባረክ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ሆሳዕና ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። እዚህ አገር ግን እንደ አዲስ ተፈተን ተባልኩ። ባለቤቴ ታደለች "እስቲ ትንሽ ተለማመድ" ስትለኝ፣ "እኔን ነው?" አልኳት። ፈተናው ላይ ስቶፕ ምልክቱ ጋ ስደርስ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ፈታኟ "አልቆምክም" አለችኝ። "ቀስ ብያለሁ እኮ!" ብላት፣ "ቀስ ማለት መቆም አይደለም" ብላ ጻፈችብኝ። ወደቅሁ። እንደገና ቡክ ላድርግ ብል ቅርብ የሚባለው ቀን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ራቅ ያለችው ከተማ ኤቨረት ድረስ ኮል አደረግሁ፤ እዚያም ሞልቷል። ሥራ ቦታ ያሉት ልጆች ደግሞ በየቀኑ "ሹፌሩ፣ አለፍክ?" ይሉኛል። እፍረቱ አላስቀመጥ አለኝ።

ሶ፣ በዚያ እሑድ ማይኩን ያዝኩና ያንን ተናገርኩ። ለራሴ "በእምነት ቀድሜ መቀበሌ ነው" አልኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

ስንወጣ እማማ አማረች በር ላይ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸውን ሞራ እንደጋረደው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "ልጄ፣ ማክሰኞ ዓይኔን ሊሠሩልኝ ነው። ሴት ልጄን ሥራ ፈቃድ ከለከሏት። ለእኔ ብሎ ነው የሰጠህ!" አሉኝ። እዚያው "እማማ፣ ዋሽቻለሁ" ማለት እችል ነበር። "እሺ፣ እወስድዎታለሁ" አልኩ። ታደለች መኪና ውስጥ "አንተ፣ ይሄ በእምነት ነው ወይስ በውሸት?" ብትለኝ ጭራሽ እሷን ተቆጣኋት።

ማክሰኞ ጠዋት ታደለች ሥራ ሄዳለች። እማማን ኮሎምቢያ ሲቲ ካለው ቤታቸው አንስቼ በሬይኒየር ጎዳና ወጣን። ሐኪሞቹ አይብሉ ስላሏቸው ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እሳቸው ይዘምራሉ፣ እኔ ያልበኛል። ማውንት ቤከር ሰፈር ጋ በቀይ መብራት ወደ ቀኝ ስታጠፍ፣ አሁንም ቀስ አልኩ እንጂ አልቆምኩም። ፖሊስ ከኋላዬ መብራቱን አበራ።

ፖሊሱ ትሑት ልጅ ነው። ፐርሚቴን አየና "እሳቸው ላይሰንስ አላቸው?" አለኝ። ዓይኔን መሪው ላይ ተከልኩ። እማማ እንግሊዝኛ የጠፋኝ መሰላቸው። "ንገረው እንጂ ልጄ! ጌታ እንደሰጠህ ንገረው!" አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ብለው፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ "ጎድ! ጎድ ጊቭ!" አሉት።

ወገኖቼ፣ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ምነው አልኩ።

"እማማ፣ የለኝም" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ላይሰንስ የለኝም። እዚያ ቆሜ የዋሸሁት ነው።"

 ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

ፖሊሱ ቀጣኝና መኪናዋን እዚያው ፓርክ አስደረገኝ። ታክሲ እስክናገኝ ሰዓቱ አለፈ። ሆስፒታል ብደውል ሴትየዋ "ዛሬ አይሆንም፣ ቀጣዩ ቀን ከሦስት ወር በኋላ ነው" አለችኝ። እኔ ሁለት ወር መጠበቅ አቅቶኝ፣ እማማ በጨለማ ሦስት ወር እንዲጠብቁ አደረግኳቸው። ከመንገዱ ጠርዝ ስንወርድ እግራቸውን የት እንደሚያደርጉ አይታያቸውም፤ ክንዴን ያዙ። የዋሸኋቸውን ሰው ክንድ! ቢሰድቡኝ በወደድኩ። "ቀስ በል ልጄ፣ አይታየኝም" ብቻ ነው ያሉኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ሃያ ዓመት "ጌታን ተቀብያለሁ" ስል የኖርኩ ሰው፣ ስሙን ለእኔ ክብር መሸፈኛ አድርጌዋለሁ። በዚያ ቀን ነው በእውነት የተመለስኩት ብል አላጋነንኩም። ታደለችን ይቅርታ ጠየቅኋት። እማማ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ "ተነስ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ጉባኤውንስ?" አሉኝ። ፓስተራችን "በግል መናገሩ ይበቃል" ሲለኝ፣ "በማይክ ነው የዋሸሁት፣ በማይክ ልናገር" አልኩት። አራት ሳምንት ግን ድፍረት አጣሁ፤ እየመጣሁ ከኋላ ወንበር እመለስ ነበር። ዛሬ አቆመኝ፣ ክብር ለስሙ ይሁን!

እማማ አዲሱ ቀን ሲደርስ ልጃቸው ፈቃድ ትወስዳለች። "አንተም ከእኛ ጋር ትመጣለህ፣ ስወጣ ፊትህን ልየው" ብለውኛል። እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ይህ ምሕረት ነው፣ ቅዱሳን፤ አይገባኝም።

ወረቀት የምትጠብቁ፣ ቀጠሮ የራቀባችሁ፣ ሰው ሲጠይቃችሁ የምታፍሩ ካላችሁ፣ ጌታን ታመኑት። "ገና ነው" ማለት እምነት ማጣት አይደለም። እሱ በውሸታችን አይከብርም። የእኔ ፈተና የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ነው። ጸልዩልኝ። ካለፍኩ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ። ከወደቅሁም እዚሁ ቆሜ፣ "ወደቅሁ" እላችኋለሁ።