ጣና ዳር የገደፍንበት ፋሲካ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚመጣው መብራት ሲሄድ ነበር፤ ያኔ በከተማችን በመካነ ኢየሱስ መብራቱ ከሚመጣበት የሚሄድበት ይበዛ ስለነበር ተረት አጥተን አናውቅም። አስተማሪው አባቴ ፋኖሱን ለኩሶ ፈተና ለማረም ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ የአባቴ እናት እቴቴ ላይ ግራና ቀኝ ተለጥፈን ከፍሙ ፊት እንቀመጣለን። እቴቴ ለተረት ብለው ድምፃቸውን የሚቀይሩ ሰው አልነበሩም፤ ጅቡም አንበሳውም የሚናገሩት በእሳቸው ድምፅ፣ በስማዳ አነጋገር ነበር። የሚያወሩት ስለ ጎረቤት ጉዳይ ይመስል ስለነበር ተረቱ ሲያልቅ «ከዚያ በኋላ የት ገቡ?» ብለን እንጠይቃለን፤ እሳቸውም ሳያፍሩ ይኼኛው አርብ ገበያ ሄደ፣ ያኛው ወገዳ ዘመድ ቤት ከረመ እያሉ ቦታውን በስም ይነግሩን ነበር።

ባልንጀራቸው እማማ ውዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ከስማዳ ወደ እስቴ የተዳሩ፣ ጎን ለጎን ጎጆ የወጡ፣ ባሎቻቸውንም የቀበሩ ሴቶች ናቸው። በአንድ ክፉ ዘመን ፋሲካ ሲደርስ በሁለቱ ቤት የተገኘችው አንዲት ቂጣ ብቻ ነበረች አሉ። እቴቴ ቆርሰው ውዴን አጎረሱ፣ ውዴም ቆርሰው እቴቴን አጎረሱ፤ ከዚያ ወዲህ አንዷ ሳታጎርስ ሌላዋ ገድፋ አታውቅም። የዋዛ ጾምም አልነበረም። ሁለቱም አክፋዮች ስለነበሩ ከስቅለት ዋዜማ ጀምረው እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውሃም አይቀምሱም፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ተደጋግፈው እማማ ውዴ ቤት ይገቡና ይጎራረሳሉ። እኛ ቤት ይህን የማያውቅ አልነበረም። ግን ሁልጊዜ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

አንድ ዓመት የአባቴ የኮሌጅ ጓደኛ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ ጣና ዳር ያለችውን የቆርቆሮ ቤቱን ቁልፍ ሰጠው። አባቴ እናቱን ሐይቅ ሊያሳያቸው ተመኝቶ ለማንም ሳይተነፍስ መኪና አስመጣ። ቅዳሜ ሹር ጠዋት እቴቴ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣቸውን ቄጠማ ግንባራቸው ላይ አስረው ሲመለሱ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ እናቴ ድስት ትጭናለች፣ እኔና ወንድሜ ደግሞ ከደስታ ብዛት እንራገጣለን።

«ውዴስ?» አሉ እቴቴ።

«ልኬባቸዋለሁ፤ ያውቃሉ። ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር ይገድፋሉ» አለ አባቴ ጆሮውን አከክ አከክ እያደረገ።

እቴቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞረው አዩ። እኛ ግን ነጠላቸውን ይዘን «አንቱ ከቀሩ ማን ተረት ያወራልናል?» እያልን ጎተትናቸው። ገቡ።

ጣና ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። እቴቴ ከመኪናው ወርደው ውሃውን አዩና አማተቡ። «ይኼ ሁሉ ውሃ፣ ማዶ የሌለው?» አሉ። በእኛ አገር ውሃ ማለት ሸለቆ ይዞ የሚወርድ፣ ከወዲህ ሆነው ከወዲያ ያለውን ሰው የሚጣሩበት ነገር ነው። ቤቲቱ አንዲት ክፍል ብቻ ነበረች፤ ወለሏ ላይ ታንኳ የሚሠሩበት ደረቅ ደንገል ተነጥፏል፣ ግድግዳዋ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ በሯ ሲከፈት ሐይቁ ደጃፍ ላይ ነው።

ሲመሽ አባቴ ትንኝ እንዲያባርር ከበሩ ፊት እሳት አነደደ። እርጥብ ሣር በጨመረበት ቁጥር ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ይተወንና ወደ ውሃው ይሄዳል። እቴቴ አፋቸው በጾም ደርቆ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ ቢሆንም ተረት አላስቀሩብንም። ሁለት ባልቴቶች ነበሩ አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው ጥቁሩንና ቀዩን በመቀናጆ እያጠመዱ ያሳርሱ ነበር። በሬዎቹ አብረው አርሰው፣ አብረው አመንዥከው፣ አብረው አረጁ። አንድ ቀን የጥቁሩ ባለቤት ልጅ መጣና በሬውን ለምለም ሣር ወዳለበት ወንዝ ዳር ነዳው። ጥቁሩ በሬ እንዲህ ያለ ሣር አይቶ አያውቅም፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ።

«ቀዩስ?» አለ ወንድሜ።

«ቀዩማ ማለዳ ማለዳ ከእርሻው ዳር ይቆማል። ጭድ ቢያቀርቡለት አይቀምስ። ቀንበር ሲጭኑበት እንደሚያደርገው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጓደኛው የሚቆምበትን ቦታ ትቶ...»

እዚያ ላይ አቆሙ። ፍሙን አፍጥጠው ሲያዩ ቆዩና «ውዴ» አሉ፣ ለእኛ አይደለም። ወንድሜ ጉልበታቸውን ቢነቀንቅ፣ እኔ ብለምን ያን ዕለት ተረቱ አልቀጠለም።

ሌሊቱን በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ተመለስን። እናቴ ዶሮውንና ዳቦውን አቀረበች። እቴቴ ግን እጃቸውን አልታጠቡም።

«ውዴ መግደፏን ካልሰማሁ አፌ አይከፈትም» አሉ።

አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ጉብታው ወጣ። ጎህ ሲቀድ ከታች ሆነን እናየው ነበር፤ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ወዲህና ወዲያ ይላል። ሲመለስ ፊቱ ፈገግ ብሏል። «ገድፈዋል፤ ጎረቤታቸውን አገኘሁት። እንኳን አደረሳችሁ ብለዋል» አለና ጆሮውን አከከ።

እቴቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እኛን አዩን፤ ከእሳቸው በፊት መብላት ነውር ስለሆነ ዳቦውን እያየን ምራቃችንን እንውጣለን። «እስቲ እጄን አስታጥቡኝ» አሉ።

ያ እሁድ እንዴት ያለ እሁድ ነበር! እቴቴ የአባቴን ክንድ ይዘው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ማዕበሉ ቁርጭምጭሚታቸውን በነካቸው ቁጥር ነጠላቸው እስኪወድቅ ይስቁ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ዳር ዳሩን ወሰደን። ሁልጊዜ ከሥራ ደክማ የምናገኛት እናቴ ፀሐይ ላይ ተኝታ አንቀላፋች። ማታም እቴቴ ተረቱን ጨረሱልን፤ ቀዩ በሬ ሌላ ጓደኛ አገኘ፣ ጭዱንም በላ፣ ሰባ። «የት ገባ ታዲያ?» አልናቸው። «ደህና ቦታ ገባ» አሉ። የቦታውን ስም ያልነገሩን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ስንመለስ መኪናው ዳገቱን እንደወጣ የአባቴ ስልክ ይጮህ ጀመር፣ አንዱ መልእክት ሳያባራ ሌላው ይገባል። አንብቦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። የጻፈው ጎረቤታቸው ነው፦ እማማ ውዴ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ቀምሰው ከመምጣታቸው በቀር ጓደኛዬ ካልመጣች ብለው እስከ አሁን እህል አልነኩም። አባቴ ሾፌሩን እንዲፈጥን ለመነውና ወደ ኋላ ዞረ።

«እቴቴ፣ ስልኩ አልያዘልኝም ነበር። ቅዳሜም አልላክሁባቸውም፤ በጥድፊያው ረሳሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ እቴቴ ከመስኮቱ ሳይዞሩ። «ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮህን ነው የምታክ። ቅዳሜም አየሁህ፣ እሁድም አየሁህ። ውሃው ደስ ብሎኝ፣ ልጆቹም አሳዝነውኝ፣ እያወቅሁ በላሁ። ጥፋቱን ለብቻህ አታድርገው።»

ወንድሜ የሰበሰበውን የሐይቅ ጠጠር ከኪሱ አውጥቶ ሲቆጥር እናቴ እጁን ያዘችው።

ስንደርስ እማማ ውዴ ጋቢ ተከናንበው መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ኩራዟ በርታለች። ዳቦው ከፊታቸው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ፣ በላዩ ላይ ያስቀመጡት ቄጠማ ጠውልጎ ነበር። ፊታቸው ከማነሱ የተነሳ ወንድሜ ከእኔ ኋላ ተደበቀ። እቴቴን ሲያዩ ግን ያ ፊት በራ።

«መጣሽ? በይ እጅሽን ታጠቢ» አሏቸው። የት ነበርሽ አላሉም።

እናቴ ስኳር በጥብጣ አቀረበችላቸው፤ በእጃቸው ገፉት። እቴቴ ታጥበው ተቀመጡ። እማማ ውዴ ዳቦውን ለመቁረስ ጉልበት አጥተው ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ እንደ ምንም ቆረሱና ወደ እቴቴ አፍ ዘረጉ። እቴቴ አፋቸውን አልከፈቱም።

«ውዴ፣ እኔ ገድፌአለሁ» አሉ።

አባቴ ወደ በሩ ዞረ። የእማማ ውዴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ከዚያ ቁራሹን ቀስ ብለው ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። እንዲቆጡ በልቤ ተመኘሁ። ቢቆጡ ይቀለን ነበር።

«እኔ ግን አልገደፍኩም» አሉ። «በይ አጉርሺኝ።»

እቴቴ ሲያጎርሱ እንባቸው አውራ ጣታቸው ላይ ወርዶ ከዳቦው ጋር ገባ። እማማ ውዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፤ ከዚያ ያስቀመጡትን ቁራሽ አንስተው «ያንቺም ይኸው» አሉ። እቴቴ በሉት።

እማማ ውዴ አገገሙ፤ ዓመታትም አብረው ኖሩ፤ ስለዚያ ፋሲካ አንድ ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እቴቴ በማግስቱ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጾም ይታዘዝልኝ ቢሉ፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደማይታዘዝ ነገሯቸው። የሚጾሙት አጥተው፣ ሰው ሁሉ በሚበላበትና በሚደሰትበት ወራት እየበሉ ያዝኑ ነበር። ያኔ የጥፋት ክፉው መካሻ የማይገኝለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ነርስ ሆኜ እንዲህ ያለው ጥፋት በራሴ ሲደርስ ነው የገባኝ። የበሬዎቹንም ተረት አልተዉትም፤ ግን ቀዩ በሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከሚቆምበት አላሳለፉትም። «የት ገባ?» ስንላቸው «እዚያው ነው» ይሉን ነበር።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። ከልጅነትሽ ደስ ያለሽ መቼ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር ሳላስብ የሚመጣልኝ ያ እሁድ ነው፤ የእቴቴ ሳቅ፣ የእናቴ እንቅልፍ፣ ወደ ውሃው የሚሄደው ጭስ። ያን ሰዓት አንዲት አሮጊት በደረቀ አፍ በሩን እያዩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስታው አይጎድልልኝም። እንዲጎድልልኝ ጸልዬ አውቃለሁ።

ሁለቱም አልፈዋል። አባቴ ዛሬ ጡረተኛ ነው። በየፋሲካው ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ይዞ ይቀመጥና ለሚያውቃቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ በመጨረሻም ለእኔና ለወንድሜ በየተራ እየደወለ «ገደፋችሁ?» ይላል። አንዱ ካልገደፈ እሱም አይገድፍም። ዶሮው ይቀዘቅዛል፣ እናቴ ትቆጣለች፣ እሱ ይጠብቃል።

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ጎህ ሲቀድ ደወለ። በሽተኛ በዝቶ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ግን ሰባ የተሻገረ ሰው በእኔ ምክንያት በባዶ ሆዱ እንዲውል አልፈለግሁም።

«ገደፍሽ?»

«አዎ አባዬ፣ ቅድም ከጓደኞቼ ጋር።»

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ስልኩን ያልያዘው እጅሽ የት ነው ያለ?» አለኝ።

ጆሮዬ ላይ ነበር።