የመርፌው ስም

ልጄን ትኩሳት የያዛት ክረምቱ ወጥቶ የሐይቁ ዳር ውሃ ሲሸሽና ትንኙ ሲበዛ ነበር። በዚያ ወራት ባሕር ዳር ላይ ትኩሳት ከተባለ ወባ ነው፤ ሌላ ነገር የሚያስብ አልነበረም።

የልጄ ክርስትና እናት፣ አበልጄ፣ ጤና ጣቢያ ቁስል የምታሽግ ድሬሰር ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ሰፈር ውስጥ መርፌ ትወጋለች። በደርግ ጊዜ ይህ ክልክል ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም ለቀበሌ የሚናገር አልነበረም። ልጄን አይታ «ደረቷንም ይዟታል» አለችና እየመጣች ትወጋልኝ ጀመር። ሳሉ ለቀቃት። ትኩሳቱ ግን ጭራሽ ባሰበት።

በዚህ መሐል አበልጄ ለለቅሶ ቆላ ድባ ሄደች። መርፌው ሲቋረጥ ልጄ በረደላት፤ ተነሥታ ሽሮ በላች። አበልጄ ተመልሳ አንድ ጊዜ እንደ ወጋቻት ትኩሳቱ ተመልሶ ከተፍ አለ።

«አበልጄ፣ መድኃኒቱ ራሱ ይሆን እንዴ የሚያተኩሳት?» አልኋት።

«አንቺ ደግሞ! መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ፊደል ብትቆጥሪ ሐኪም ሆንሽብኝ?»

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አበልጅ ዘመድ ነው፤ እንዴት ብዬ ልጠርጥራት?

በማግስቱ የልጄ ገላ በቀይ ሽፍታ ተሸፈነ፣ ከንፈሯ አበጠ። አዝዬ ሆስፒታል ወሰድኋት። አበልጄም በሥራ ደንብ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ጥላ ይዛልን አብራን መጣች።

ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ስትወስድ ነበር?» አለ።

ወደ አበልጄ ዞርሁ። እሷ ናት የምታውቀው።

«እኔ ምን አውቄ ዶክተር? እናትየዋ ናት ከየትም እየገዛች የምትሰጣት» አለች።

«አንቺ! ዓይን ዓይኔን እያየሽ?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐኪሙም የተቆጣው እኔን ነው። መርፌ የምትወጋት እሷ ናት ብል፣ የደንብ ልብስ የለበሰችውን ትቶ ማን እኔን ያምናል?

ቁጣው ሲበርድለት አስረዳኝ። ትኩሳት የሚያመጣው ወባ ብቻ አይደለም፤ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም ያመጣል፤ ሰውነት ያልተቀበለው መድኃኒትም እንዲሁ። ሁሉንም መድኃኒት አስቆመ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሽፍታውም ደረቀ። ስንወጣ ግን «የመድኃኒቱን ስም ፈልጊ። ሳናውቅ ደግመን ብንሰጣት ልትሞት ትችላለች» አለኝ።

ቤቷ ሄድሁ። «ለቀበሌ አልናገርብሽም፤ ስሙን ብቻ ስጪኝ» ብዬ ለመንኋት። እኔ፣ ማንንም ለምኜ የማላውቀው! «ምን ያለ መድኃኒት?» አለችኝ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ሳለን።

የሕማማት ሳምንት መጣ። የክርስትና ልጅ ለክርስትና እናቷ የአክፋይ ዳቦ ይዛ የምትሄድበት ነው። ጋገርሁ፤ ልጄን ግን አልላክኋትም። አበልጄ ራሷ መጣች።

«ምነው፣ ዘንድሮ አክፋዬን አስቀራችሁብኝ?» አለች፤ ጎረቤት እንዲሰማላት እየሳቀች።

«ዳቦው ይኸውልሽ። ስሙን ተናገሪና ይዘሽ ሂጂ።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ዳቦውን ሳትነካ ወጣች። እኔም ዳቦውን እዚያው ደጃፌ ላይ ቆርሼ ለጎረቤት አደልሁት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ በታመመች ቁጥር ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ፦ «የማይስማማት መድኃኒት አለ። ስሙን የምታውቀው ክርስትና እናቷ ናት።»