ከግርጌው የቆመችው

ዕፀገነት የአርብ ገበያ ከተማ ልጅ ናት። በሆስፒታል የፅኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ስታገለግል ኖራ ለአንድ ጥናት ተመረጠች። ሥራዋ ክፉ አደጋ ደርሶባቸው ከሞት የተረፉትን በየቤታቸው እየሄደች፣ ራሳቸውን ስተው ሳሉ ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ «ምንም» ይሏታል። አንዳንዱ የመሣሪያው ጩኸት የቤተ ክርስቲያን ደወል መስሎት እንደነበር ያወጋታል።

ከወገዳ ማዶ አቶ ጥጋቡን ስታገኛቸው ገብስ ያበራዩ ነበር። በሬ ሊመልሱ ወርደው ገደል ገብተው፣ ጭንቅላታቸው ተከፍቶ የረጋ ደም ወጥቶላቸው፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሰነበቱ ሰው ናቸው። ጥያቄዋን ሲሰሙ መንሹን አስቀመጡ።

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ከግርጌዬ ቆማ ‹ማተቤን ስጠኝ፤ ያለማተብ አያስገቡኝም› ትለኛለች። እጄን ላነሳ ብል አልታዘዝ አለኝ። እዚህ ቤቴ ከገባሁም ወዲህ አልተወችኝ።»

«ማን ነኝ አለችዎ?»

«ሐረገ ወይን።»

ዕፀገነት ስሙን ታውቀዋለች። ሐረገ ወይን መኪና ተገልብጦባት አቶ ጥጋቡ በተኙበት በዚያው አልጋ ላይ ያረፈች ወጣት ናት። አስከሬኗ የወጣው አቶ ጥጋቡ ከመግባታቸው በፊት ነው፤ ስሟን የነገራቸው ሰው የለም።

ባለቤታቸው ተሾመች ቆማ ስትሰማ ቆይታ ወደ ቤት ገባች፤ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች።

«ከሆስፒታል ሲወጣ ከልብሱ ጋር የሰጡን ነው። የሱ ማተብ ይኸው ካንገቱ አለ። የማን ነው ብዬ መጣሉን ፈራሁ።»

ጥቁር ክር ነው፤ በመቀስ የተቆረጠ። ቱቦ ለማስገባት ሲጣደፉ ከሐረገ ወይን አንገት የቆረጠችው ራሷ ዕፀገነት ነበረች።

በማግስቱ ወደ እስቴ ተሻገረች። የሟቿ እናት ወይዘሮ ገበያነሽ ክሩን ሲያዩ አላለቀሱም። «እኔንም ስትለምነኝ ከርማለች» ብቻ አሉ። የደብሩ ቄስ ጸሎት አድርሰው ከመቃብሯ ራስጌ ቀበሩት።

ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ደመቀ «ማደንዘዣው እንዲህ ያለ ቅዠት ያመጣል» አላት።

«ስሟንስ?»

ቅጹን መለሰላት። «ያሉትን እንዳሉት መዝግቢው» አላት።

ወደ ክፍሉ ሥራዋ ከተመለሰች ወዲህ የበሽተኛ ማተብ የግድ መቆረጥ ሲኖርበት፣ ዕፀገነት ከእጁ አንጓ ላይ ታስረዋለች። አቶ ጥጋቡን ደውላ ስትጠይቃቸው ሴትዮዋ መምጣት መተዋን ነገሯት።

«አሁንማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ሽማግሌ ናቸው የሚመጡት። ‹ጫማዬን ስጠኝ› ይሉኛል።»