ጀሞ የተራገፈው አፈር

ሀኒፋ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሆና ስትቀጠር ሥራውን ያስተማሯት አለቃዋ ጋሽ ፊሊጶስ ነበሩ። «የባለ ፋብሪካ ሻይ እንዳትጠጪ» ብለው የመከሯትም እሳቸው ናቸው። ታዲያ ከሀይሌ ጋርመንት ጀርባ የተዘጋውን የባትሪ ማቅለጫ ልታይ ስትሄድ በሩን የከፈቱላት ጋሽ ፊሊጶስ ራሳቸው ሆኑ። መሥሪያ ቤቱን ለቀው የማቅለጫው ባለቤት አማካሪ ሆነው ኖሯል።

ባለቤቱ ግቢው ላይ አፓርታማ ለመሥራት ቸኩሏል። መሬቱ ግን ከአሮጌ ባትሪ በፈሰሰ እርሳስ ተመርዟል፤ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ሀኒፋ አፈሩ ተዝቆ መርዛማ ቆሻሻ ወደሚቀበርበት ስፍራ እስኪወሰድ ድረስ ግንባታ እንዳይጀመር አዘዘች። ሙግት ጠብቃ ነበር።

«ያልሽው ይሆናል፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ፊሊጶስ።

እሺታው እንዲህ መቅለሉ አላማራትም። በዚያው ዕለት በመኪናቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ድረስ ሸኟት።

«ሰፈራችሁ አሁንም ረግረግ ነው?»

«ልጆቹ መጫወቻ እንኳ የላቸውም» አለቻቸው ለወግ ያህል።

ገልባጭ መኪኖቹ መጡ። ሲጭኑ ቆማ አየች፤ የቀረውን መሬት አስመረመረች፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። መኪኖቹ የት እንዳራገፉ ግን አልተከተለችም። የመምህሯን ቃል አምና፣ አፈሩ በደንቡ ተወግዷል ብላ ፈረመች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ልጇ መርዋ እስከ ክርኗ አፈር ለብሳ እየሮጠች ተቀበለቻት። በሕንፃዎቹ መካከል የነበረው ረባዳ ተሞልቶ ተደልድሏል።

«አንድ ባለሀብት በነፃ ሞላልን፤ እግዜር ይስጠው!» አሉ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሞልቱ።

ሀኒፋ አፈሩን በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ጥቁር የባትሪ ስባሪ ብቅ አለ። ልጇን አንጠልጥላ ወደ ቤት ወጣችና እያጠበቻት ደወለች።

«ምነው ጋሼ? ልጄ እኮ እዚህ ነው የምትጫወተው!»

«መጫወቻ የላቸውም ያልሽኝ አንቺው» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «ሰው ከጠየቀሽ አፈሩ በደንቡ ተወግዷል። የፈረምሽው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ አዲሱ አለቃዋ ዘንድ ገባች። ገና አፏን ሳትከፍት፣ «ጋሽ ፊሊጶስ ደውለውልኝ ነበር። ደክሟታል አሉኝ፤ እስቲ ትንሽ እረፊ» አላት በፈገግታ።

አላረፈችም። እሑድ የሰፈሩን ወላጆች ሰብስባ፣ የፈረመችው ራሷ መሆኗን ሳትሸሽግ ሁሉንም ነገረቻቸው። ገሚሱ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ። ገሚሱ «ከሰውዬው ጋር ተጣልታ ይሆናል» ብሎ አጉረመረመ። ያም ሆኖ ሜዳውን በቆርቆሮ አጠሩት።

ሳምንት ሳይሞላ ሀኒፋ ከቁጥጥር ሥራ ተነስታ መዝገብ ቤት ገባች። በእሷ ቦታ የተተካው ኖላዊ የሚባል ወጣት ሜዳውን ሊያይ የመጣው ጋሽ ፊሊጶስ በሚነዱት መኪና ነው። ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ ወዲያ ወዲህ አየና ቆርቆሮው ይነሳ አለ። አቶ ሞልቱ አስነሱት።

ሀኒፋ በቤቷ መስኮት ቁልቁል ታያለች። ልጆቹ እየጮኹ ሜዳውን ሞሉት። ጋሽ ፊሊጶስ ካሉት መስኮቶች ሁሉ የእሷን ለይተው ቀና አሉና እጃቸውን አውለበለቡላት።

«እማ፣ ሁሉም ወረዱ እኮ፤ እኔስ?» አለች መርዋ።

ለምርመራ የተወሰደው የልጅቷ ደም ውጤት ገና አልመጣም።