ጦሩን ማን ቀጠቀጠው

በደርግ ጊዜ መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ላይ ጎረቤቶቻችን ጉሙዞች የአባቶቻቸውን ዕቃ የሚያኖሩበት አንድ የሣር ቤት ሠሩ። ማንም አላዘዛቸውም። የሰፋሪው እርሻ መሬታቸውን እየበላው፣ ልጆቻቸውም በቋንቋቸው እያፈሩ ሲሄዱ ሽማግሌዎቹ መክረው ያደረጉት ነው። ቀስቱን፣ ጦሩን፣ ቅሉን፣ የሴቶቹን ጨሌ ሁሉ ሰቀሉበት። እንግዳ የምታስጎበኘው ደግሞ የአንዱ ሽማግሌ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነበረች።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ከደጋ የወረደው ቡዳ መባሉ መሮት ነው፤ ቆላም ስሙ ቀድሞት ጠበቀው። ከደጋ የመጣው ገበሬ እኛንም ጉሙዞቹንም ይንቅ ነበር፤ እኔና እሷን ያዋደደን ይኸው ነው። ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ግን ሆዴ ሻከረባት። ቀና ብላ "ይቺ የአያቴ ናት" ስትል ቅናት ያንገበግበኛል። እኛ ምን አለን? አባቴ የሠራው ሁሉ ያለው በሰው ቤት ነው።

አንድ ቀን ከመተማ ዮሐንስ የመጣ ሰሊጥ ነጋዴ ጦሩን አንስቶ በጣቱ እየዳሰሰ፣

"እንዴት ያለ ሥራ ነው! ማን ሠራው?" አላት።

"የእሷ አባት ናቸው" አለች ወደ እኔ እያመለከተች። "ብረቱን የምንገዛው ከእሳቸው ነው።"

ፊቴ በራ። ሰውየው ግን ጦሩን እንደ እሳት ጣለው፤ እጁንም በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ወደ ጨሌው ዞሮ "ይኼስ?" አላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እቤት ስገባ አባቴ ወናፉን ይነፋ ነበር።

"አባባ፣ እኛም እንደነሱ ቤት እንሥራ" አልሁት።

"ማን ሊያየው?"

"ሰው ነዋ።"

"ሰውማ ማረሻው ሲሰበር ይመጣል፣ ልጄ" አለና ፍሙን ገለበጠ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ጦሩን ይዛ መጣች፤ ሲወድቅ ጫፉ ታጥፏል። አባቴ አቃናላት።

"አባቴ 'ወናፋቸውን ቢያመጡ በሣር ቤቱ ቦታ እንሰጣቸዋለን' ብሏል" አለችው።

"እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ወናፌ ግን ሥራ ላይ ነው" አላት።

እሷ ከልቧ ነበር፤ አውቃለሁ። ቅናቴን ግን ከቀድሞውም አባሰብኝ። ቦታ የሚሰጥ ቤት ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ "ነይ እንጂ፣ እንግዳ መጥቷል" ብላ በጠራችኝ ቁጥር "ሥራ አለብኝ" እያልሁ ቀረሁ።