ስለቴ የታንኳውን ቅዳሜ ሊወስድብኝ ሲል

እኔ እስከ ዛሬ ካየሁት ውኃ ትልቁ ክረምት ላይ መንገድ የሚዘጋብን ወንዝ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ሰላም በቴሌግራም የላከችልኝን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቁኝ። ጣና ላይ ሰዎች ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ተክል በተሠራ ታንኳ ይሽቀዳደማሉ፤ ዳር የቆመው ሰው ይጮኻል፣ ይጨፍራል፣ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። «ዘንድሮም ፍልሰታ እንደተፈታ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ነይ!» ብላኛለች።

ቅዳሜው ግን ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ላይ ዋለ። ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ልሞት ስል እናቴ ታች ጋይንት ላለው ለቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ተስላ ነበር፤ ልጄ ከዳነች በየዓመቱ ከዳገቱ ሥር ካለው ምንጭ ውኃ ቀድታ በጀርባዋ ለቤተ ክርስቲያኑ ታመጣለች ብላ። አቅሜ ከደረሰ ጀምሮ ዐሥራ ስድስት በመጣ ቁጥር ውኃ ተሸካሚ ነኝ። ስለ ታንኳው ስነግራት እናቴ ደነገጠች። «ስለት አፍርሰሽ ሐይቅ ላይ? እንኳን ሐይቁ የቧንቧውም ውኃ ይወስድሻል!» ለመንኳት፤ ቢያንስ ቤተ ልሔም ሄጄ የነፍስ አባታችንን መምሬ ይትባረክን ልጠይቅ አልኳት። ከአክስቴ ከእትዬ ጥሩ ጋር ከሆነ እሺ አለች።

ከንፋስ መውጫ ስንነሣ

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ማለዳ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ።

«ለጭቃው ነው» አለ።

«ጭቃውን አንተ ነህ እንዴ የምትሸጠው?» አለች እትዬ ጥሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቅን፣ ከፈልን።

የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጭራሽ አይታይም። ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ቀይ ነው፤ ወደ ታች ጋይንት እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ለቀቀን። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ ተቀምጠዋል። መጠየቅ ነፍሴ ነውና ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ጣናን አይተውት ያውቃሉ?»

«አይቼዋለሁ፤ ለሕክምና ሄጄ።»

«እንዴት ነው?»

«ምን እንዴት ነው አለው? ዝም ብሎ ተኝቷል። እርሻ ቢሆን ስንት ጥማድ ይወጣው ነበር!» አሉና ከልባቸው አዘኑ።

አርብ ገበያ

ስሙ እንደሚለው ገበያው ቆሟል። አህያው፣ ላስቲክ የለበሰው ሰው፣ ቦቲ ጫማ ሻጩ አንድ ላይ ጭቃውን ያቦኩታል። ከሁሉ የከፋብኝ የእሸት በቆሎ ጥብስ ሽታ ነው፤ ጾም ነኝ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀመስም። «አፍንጫሽን ያዢና እለፊ» አለችኝ እትዬ ጥሩ። ከዚያ በእግር ነው። እሷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ እንደ ፍየል ትራመዳለች፤ የእኔን ስኒከር ጭቃው እየደጋገመ ከእግሬ ይነጥቀኛል።

ቤተ ልሔም

ስንደርስ ቅዳሴው አልወጣም። የድጓ ተማሪዎች ከየጎጇቸው የሚያሰሙት ዜማ ዛፎቹ መሐል ይሰማል። መምሬ እምቢ ካሉ በቃ፣ ጣና የለም።

ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ተሳልመን ዳቦ ቀመስን። ለመምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቪዲዮውንም አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይኼ ደንገል አይረጥብም?»

«ይረጥባል መሰለኝ አባ፤ ግን ይንሳፈፋል።»

«እስኪ መልሺው።» እንደገና አዩት። ከዚያ ኮስተር ብለው «እናትሽን ጥሪያት» አሉኝ።

ኔትወርክ የሚገኘው አጥሩ ጋ ካለው ድንጋይ ላይ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ያዝኩላቸው።

«ስለቱን ስትሳይ ያልሽውን ቃል እስኪ ንገሪኝ» አሏት።

«ልጄ ከዳነች በየዓመቱ በፍልሰታ ውኃ ታመጣለች አልኩ፣ አባ።»

«በዐሥራ ስድስት ብለሻል?»

«እንዲያው... በዓሉ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እሱንስ አላልኩም።»

«ዛሬስ ምንድን ነው?»

«ፍልሰታ።»

«እንግዲህ ልጅቷ እዚህ ናት፣ ምንጩም ያው ነው። ምን ቀረ?»

እናቴ እልል ትበል ታልቅስ ያልገባኝ ድምፅ አሰማች። ድንጋዩ ላይ ልዘል ስል መምሬ ጣታቸውን አነሡብኝ። «ደስ አለኝ ብለሽ ደግሞ ግማሽ ጀሪካን እንዳታመጪ!»

ዳገቱ ላይ

ምንጩ ወርጄ ጀሪካኑን ሞልቼ ተነሣሁ። ዝናቡ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ አዳለጠኝና በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ ውኃው ፈሰሰ።

«ተይው ይበቃል፣ የቀረውን ዝናቡ ይሞላዋል!» አለች እትዬ ጥሩ ላስቲኳን እየተከናነበች።

አሳቀችኝ። ግን ወርጄ እንደገና ቀዳሁ። ሌላ ጊዜ የእናቴን ስለት ነበር የምሸከመው፤ የዛሬው የራሴ መሰለኝ። ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ እያዘገምኩ አንድ ነገር ሳስብ ነበር፦ አንድ ጀሪካን ውኃ እኔን እንዲህ ካጎበጠኝ፣ ያ ሁሉ ውኃ ሰው ተጭኖበት እንዴት ዝም ብሎ ይተኛል? በሩ ላይ ዲያቆኑ ሲቀበለኝ ጀርባዬ ቀልሎ ልበር ምንም አልቀረኝም።

ቤት

እዚያው ዘመድ ቤት አድረን ቅዳሜ ከሰዓት ንፋስ መውጫ ገባን። እናቴ ጀሪካኑ ሙሉ እንደነበር ብቻ ጠይቃ ጉልበቴን አጠበችልኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት መጠየቅ ድፍረት አለመሆኑን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በዐሥራ ስድስት ስመላለስ ቀኑን ማን እንደቆረጠው አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ በዚያ ዶፍ የበዓል ቀሚሷን ማጠብ ጀመረች።

«እማ፣ በዚህ ዝናብ መቼ ሊደርቅልሽ ነው?»

«እስከ ቅዳሜ ይደርቃል።»

«ቅዳሜ የት ልትሄጂ?»

«ታንኳው ላይ እንዳትወጪ ማን ሊይዝሽ ነው?» አለች ቀና ሳትል። ቀሚሱን ጨመቀችው፣ አራገፈችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ከፊት ካልቆምን ምንም አይታይም፤ አርብ ማልደን እንነሣ» አለችኝ።